የወንዝ ዳር አደባባይ እንዴት ይነደፋል? ከቢልባዎ ሙዚየም ደጅ የምንማረው

ኦገስት 26 ቀን 1983 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ስፔን፣ በባስክ ምድር የምትገኘው የቢልባዎ ከተማ ታላቁን ዓመታዊ በዓሏን በማክበር ላይ ነበረች። ዝናቡ ግን በዓል አላወቀም። በአንድ ቀን ውስጥ በከተማዋ አካባቢ የተመዘገበው ከፍተኛ ልኬት 500 ሚሊ ሜትር አለፈ። ይህ መጠን አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ወራት በጠቅላላው ከምታገኘው ዝናብ ጋር የሚቀራረብ ነው። ከተማዋን ሰንጥቆ የሚያልፈው የኔርቪዮን ወንዝ ዳርቻውን ጥሶ ወጣ፤ በአሮጌው ሰፈር ጠባብ ጎዳናዎች ላይ ውኃው ከሰው ቁመት በላይ ደረሰ። በባስክ ምድር በጠቅላላው 34 ሰዎች ሲሞቱ 5 ሰዎች ደግሞ ጠፍተው ቀሩ።

ከዚህ አደጋ 14 ዓመታት በኋላ፣ በኦክቶበር 1997፣ በዚያው ወንዝ ዳር፣ ከውኃው ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ የጉገንሃይም ሙዚየም ተከፈተ። አርክቴክቱ ፍራንክ ጌሪ በቲታኒየም ቅርፊት የሸፈነውን ይህን ሕንፃ የማያውቅ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ያለ አይመስለንም። ስለ ቲታኒየሙና ስለ ጠመዝማዛ ግድግዳዎቹ ብዙ ተጽፏል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ዓይናችንን ከግድግዳው አንሥተን ወደ መሬት ዝቅ ለማድረግ እንሞክራለን። ከሕንፃው ውጭ ያለው፣ ሰው የሚቆምበት፣ የሚቀመጥበት፣ ሕፃናት የሚሯሯጡበት ገላጣ ቦታ እንዴት ተነደፈ? ትናንት ጎርፍ የሄደበት ዳርቻ ዛሬ እንዴት የሕዝብ አደባባይ ሊሆን ቻለ?

ስለ ቃሉ አንድ ነገር እንበል። በአዲስ አበባ «አደባባይ» ሲባል አብዛኞቻችን ቀድሞ የሚታየን መኪና የሚዞርበት ክብ ነው። እግረኛ ወደ መሐሉ ለመግባት ቢፈልግ ነፍሱን በእጁ ይዞ ነው። በዚህ ጽሑፍ አደባባይ የምንለው ግን በቀደመው ትርጉሙ ነው፤ ይኸውም ሰው የሚወጣበት፣ የሚታይበትና ከሰው የሚገናኝበት ገላጣ ስፍራ ማለት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሽታው

የወንዝ ዳር አደባባይ ነዳፊ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ዓይነት ድንጋይ እናንጥፍ?» የሚል ሊመስል ይችላል። የቢልባዎ ታሪክ የሚያሳየን ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ መኖሩን ነው። ማን ነው በሚሸት ወንዝ ዳር የሚቀመጠው?

ዛሬ ሙዚየሙ የቆመበት አባንዶይባራ የተባለው ሥፍራ ቀድሞ የመርከብ መሥሪያ፣ የባቡር ሐዲድና የኮንቴይነር ማከማቻ ነበር። ወንዙም ለብዙ አሥርት ዓመታት የከተማውን የቤት ፍሳሽና የብረታ ብረት ፋብሪካዎችን ዝቃጭ ሳይጣራ ሲቀበል ኖሯል። በ1970ዎቹ በወንዙ የላይኛው ክፍል በውኃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ወደ ዜሮ ተጠግቶ ነበር።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ኬሚስትሪ ያስፈልገናል። አንድ ሊትር አየር 280 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ግን በ20 ዲግሪ ሴልሲየስ ሙቀት ሊይዝ የሚችለው ከ9 ሚሊ ግራም ብዙም አይበልጥም። በውኃ ውስጥ ኦክስጅን ብርቅ ነገር ነው ማለት ነው። የቤት ፍሳሽ ወደ ወንዝ ሲገባ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን እየበሉ ይራባሉ፤ ለዚህም ያንኑ ጥቂት ኦክስጅን ይጠቀማሉ። ከአየር የሚገባው ከሚበላው ካነሰ ኦክስጅኑ ያልቃል፤ ዓሦችም ይሞታሉ። ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። ነጻ ኦክስጅን ሲጠፋ ሌሎች ባክቴሪያዎች ተራቸውን ይረከቡና ኦክስጅኑን ከሰልፌት ላይ ይነጥቃሉ፤ በምላሹም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይለቃሉ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ይኸው ጋዝ ነው። ቢልባዎ ከባሕር እምብዛም የማትርቅ በመሆኗ የባሕር ውኃ በወንዙ ሽቅብ እስከ ከተማዋ ይገባል፤ የባሕር ውኃ ደግሞ በሰልፌት የበለጸገ ነው። በመሆኑም ሽታው የሚያንስበት ምክንያት አልነበረም።

ወንዙን የማጽዳት እቅድ የጸደቀው በ1979 ነው፤ ማለትም ሙዚየሙ ከመከፈቱ 18 ዓመት በፊት። ቀጥታ ወደ ወንዝ ይፈስ የነበረውን ፍሳሽ በዳርቻው በተቀበሩ ታላላቅ ቱቦዎች ሰብስቦ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ መውሰድ የእቅዱ ዋና ሐሳብ ነበር። ጋሊንዶ የተባለው ጣቢያ በ1990 ሥራ ጀመረ፤ ባክቴሪያን በመጠቀም የሚያጣራው ክፍል ደግሞ በ2001 ተጨመረለት። በተፈጥሮ ወንዙን የገደሉት ባክቴሪያዎች በጣቢያው ውስጥ አየር በብዛት እየተነፋላቸው ወንዙን ማዳናቸው የሚያስገርም ነው። ሥራው ያው ሥራ ነው፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው።

አሁን ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የሙዚየሙ ሕንፃ ግንባታ የፈጀው ወደ 100 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የሚጠጋ ነው። ወንዙን የማጽዳቱ ሥራ ግን በረጅም ዓመታት ውስጥ ወደ 1 ቢሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ወጪ ጠይቋል። ዓለም «የቢልባዎ ተአምር» እያለ የሚያወራው ስለ ርካሹ ሥራ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ቱቦ ፎቶግራፍ አይነሣም፤ ሪባንም አይቆረጥበትም። ቱቦው ባይቀበር ኖሮ ግን በሙዚየሙ ደጅ በወንዙ በኩል ወንበር ማስቀመጥ ከንቱ ድካም በሆነ ነበር።

አደባባዩ ምን ያህል ከፍ ይበል?

ሽታው ከተወገደ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የከፍታ ጥያቄ ነው፤ በእኛ አስተያየት ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። አደባባዩ ከወንዙ በጣም ከፍ ካለ ከጎርፍ ይድናል፤ ሰውና ውኃ ግን ይለያያሉ። በጣም ዝቅ ካለ ሰው ውኃውን ሊነካ ይደርሳል፤ በክፉ ቀን ግን ውኃው ሰውን ይነካል። ቁመቱን የሚተካ ግንብ ማቆም ይቻላል፤ ሆኖም የቆመ ሰው ከዓይኑ በላይ የሆነ ግንብ ወንዙን ይሰውርበታል። ያን ጊዜ ቦታው በስም ብቻ ወንዝ ዳር ሆኖ ይቀራል።

በቢልባዎ ችግሩን የሚያወሳስቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የቦታው አቀማመጥ ነው። የሙዚየሙ ቦታ ከከተማዋ ዋና ጎዳናዎች 16 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው። ሁለተኛው ባሕሩ ነው። የባሕሩ መሙላትና መጉደል በወንዙ ውስጥ ወደ ላይ ተጉዞ ከተማዋ ድረስ ይሰማል። ወንዙ ወደ ባሕር በሚገባበት አካባቢ በታላቁ የሙላት ወቅት በከፍተኛውና በዝቅተኛው የውኃ ከፍታ መካከል ያለው ልዩነት ከ4 ሜትር በላይ ይደርሳል። ስለዚህ በማለዳ ውኃው እግሩ ሥር ያየው ሰው፣ ከስድስት ሰዓት ያህል ቆይታ በኋላ ቢመለስ፣ ወደ ታች ወርዶ የጭቃ ዳርቻ ትቶ ሊያገኘው ይችላል።

ነዳፊዎቹ ለሁለተኛው ችግር ያገኙት መልስ ቀላልና ብልህ ነው። በሙዚየሙና በወንዙ መካከል ጥልቀት የሌለው ሰው ሠራሽ ኩሬ አበጁ፤ በኩሬውና በወንዙ መካከል ደግሞ ቀጭንና ጠማማ የእግረኛ መንገድ ዘረጉ። ከሙዚየሙ ሰገነት ሆኖ ለሚመለከት ሰው ኩሬው የወንዙ ተቀጥላ ይመስላል። ወንዙ ሲወጣና ሲወርድ ኩሬው ግን ዘወትር በአንድ ከፍታ ላይ ነው። እነሆ ሰው ሁልጊዜ ውኃ ዳር ተቀምጧል፤ ወንዙ ግን በራሱ ሰዓት ይመጣል ይሄዳል። መንገዱ የሚለየው ሁለት የተለያዩ ውኃዎችን መሆኑን ብዙ ጎብኚ ልብ አይልም።

የ16 ሜትሩን ልዩነት ደግሞ በስሌት እንመልከተው። ምቹ የሚባል ደረጃ እያንዳንዱ እርከን 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢኖረው፣ ለ16 ሜትር ልክ 100 እርከን ያስፈልጋል። ለጤነኛ ጎልማሳ ይህ ቀላል ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰውስ? በብዙ አገሮች ተቀባይነት ያለው መመሪያ እንደሚለው የተዳፋት መወጣጫ በ12 ሜትር ርዝመት ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ማለት የለበትም። 16ን በ12 ብናባዛ 192 ሜትር እናገኛለን። በየ75 ሴንቲ ሜትር ከፍታው የማረፊያ ሜዳ መኖር ስላለበት ጠቅላላ ርዝመቱ ከ220 ሜትር በላይ ይሆናል። ይህን ሁሉ በአንድ አደባባይ ላይ መዘርጋት አደባባዩን ራሱን መወጣጫ ማድረግ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ለብዙ ተከፋፍሎ መወሰድ አለበት፤ ጥቂቱን በደረጃ፣ ጥቂቱን በቀስታ በሚያዘቀዝቅ መንገድ፣ ጥቂቱንም በሊፍት። በጉገንሃይም ጎብኚው ከከተማው በኩል ካለው አደባባይ ተነሥቶ በሰፊ ደረጃ እየወረደ ወደ ሙዚየሙ ይገባል። ታላላቅ ሙዚየሞች አብዛኛውን ጊዜ ሰውን ደረጃ አስወጥተው ስለሚያስገቡ ይህ ያልተለመደ ነው። ግን ቦታው ራሱ ያዘዘው ነገር ነው።

ከፍታ ብቻውን ግን ጎርፍን አይመልስም። በሃይድሮሊክስ የታወቀው ቀላል ዝምድና እንደሚለው በአንድ ሰከንድ የሚያልፈው የውኃ መጠን ከመተላለፊያው ስፋትና ከፍጥነቱ ብዜት ጋር እኩል ነው። የመተላለፊያው ወርድ ከጠበበ ያው ውኃ ለማለፍ ወይ መፍጠን ወይ ከፍ ማለት አለበት። ሰው ወንዝ ዳር ግንብ እየገፋ መሬት ሲጨምር የሚያመጣው ጉዳት ይኸው ነው። ቢልባዎ ከዚህ የተገላቢጦሹን አደረገች። ከሙዚየሙ ቁልቁል ዴውስቶ የሚባል ቦይ ነበር፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለመርከቦች ተብሎ መቆፈር ተጀምሮ አንደኛው ጫፉ ሳይከፈት የቀረ። በ2018 ያ ጫፍ ተከፈተና የቦዩ ሁለት ጫፎች ከወንዙ ጋር ተገናኙ፤ መሐል የቀረው ምድርም ደሴት ሆነ። ከዓላማዎቹ አንዱ ወንዙ ሲሞላ ውኃው ሁለተኛ መንገድ አግኝቶ በላይኛው የከተማ ክፍል ከፍታው እንዲቀንስ ነው። እንግዲህ በ1983 ውኃ የገባበት የአሮጌው ሰፈር ደኅንነት በከፊል የሚጠበቀው ከእርሱ ኪሎ ሜትሮች ርቆ በተቆፈረ ቦይ ነው።

ከሰማይ የሚወርደው ውኃ

ወንዙን ገታን እንበል። አደባባዩ ራሱ ግን ታላቅ ጣሪያ መሆኑን መርሳት አይገባም። 100 ሜትር በ100 ሜትር የሆነ፣ በድንጋይ የተነጠፈ አደባባይ እንውሰድ። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር መጠን የሚወርድ ዶፍ ቢመታው፣ በየሰከንዱ 167 ሊትር ያህል ውኃ ይቀበላል። በእኛ አገር መለኪያ በየሰከንዱ ከስምንት በላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላል ማለት ነው። አፈርና ሣር ከዚህ ከፊሉን ይመጡታል። የተነጠፈ ድንጋይ ግን ሁሉንም ለማለት ይቻላል ይመልሰዋል።

እዚህ ላይ ለእኛ አንባቢዎች የሚጠቅም ንጽጽር አለ። የቢልባዎና የአዲስ አበባ ዓመታዊ የዝናብ መጠን ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም 1,200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ ሁለቱ ከተሞች እኩል የሆነ የውኃ መውረጃ ቢበቃቸው ነው ብሎ የሚደመድም ተማሪ ይሳሳታል። የቢልባዎ ዝናብ በዓመቱ ወራት ሁሉ ተከፋፍሎ፣ ብዙ ጊዜም በካፊያ መልክ ይወርዳል። የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛው በአራት ወራት ውስጥ፣ ያውም ከሰዓት በኋላ በዶፍ መልክ ይመጣል። የቱቦውን ወርድ የሚወስነው የዓመቱ ድምር ሳይሆን የክፉዋ ግማሽ ሰዓት ዝናብ ነው። የ1983ቱ ጎርፍ ግን ካፊያ የለመደ ከተማም የራሱ ክፉ ቀን እንዳለው አሳይቷል።

ውኃው ወደ ቱቦው እንዲሄድ ወለሉ ማዘቅዘቅ አለበት። ግን ስንት? ከ1 ከመቶ ካነሰ በንጣፉ ላይ ባሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ውኃ ይተኛል። ከ2 ከመቶ እጅግ ከበለጠ በአንጻሩ ተሽከርካሪ ወንበር ወደ ጎን መንሸራተት ይጀምራል፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የሻይ ብርጭቆም ያጋደለ ይመስላል። በ1 እና በ2 መካከል ያለችው ጠባብ ክፍተት የነዳፊው መጫወቻ ናት። 100 ሜትር የሚረዝም አደባባይ በ2 ከመቶ ወደ አንድ ወገን ቢያዘቀዝቅ ጫፍና ጫፉ የ2 ሜትር ልዩነት ይኖረዋል። በመሆኑም ወለሉ በዓይን በማይታዩ ትናንሽ ጣሪያዎች ይከፋፈላል፤ በየመገናኛቸውም ቀጭን የቦይ መስመር ይቀበራል። ደህና የተሠራ አደባባይ ላይ የቆመ ሰው ሜዳ ላይ የቆመ ይመስለዋል። ልዩነቱን የሚያውቀው ውኃው ብቻ ነው። ሌላው ዘዴ ድንጋዩን መቀነስ ነው። በቢልባዎ ከ2002 ጀምሮ በወንዙ ዳር የሚያልፈው የከተማ ባቡር ሐዲድ በሙዚየሙ አቅራቢያ በሣር መካከል ተዘርግቷል። ይህም ለዓይን ከመማረኩ ባሻገር ዝናብ የሚመጥ መሬት ነው።

ሳይፈስ በወለሉ ላይ የቀረው ቀጭን የውኃ ሽፋን ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ጫማና ወለል ሲነካኩ የሚይዛቸው ሰበቃ ነው። በመካከላቸው ውኃ ሲገባ ጫማው በወለሉ ላይ ሳይሆን በውኃው ላይ ይቆማል። ወለሉ ሻካራ ከሆነ ጥቃቅን ጫፎቹ ውኃውን ሰንጥቀው ጫማውን ይይዛሉ። ለስላሳ ከሆነ ግን የሚይዝ ነገር የለም። ከሙዚየሙ ወደ ላይ ጥቂት እልፍ ብሎ በ1997 የተከፈተው ዙቢዙሪ የተባለ የእግረኛ ድልድይ ወለሉ ብርጭቆ ነበር። ዝናብ በሚያዘወትራት ከተማ መንገደኞች እየተንሸራተቱ ስለተቸገሩ ማዘጋጃ ቤቱ በኋላ የማያንሸራትት ምንጣፍ አነጠፈበት። ውበቱን ፈልገው የሠሩት ብርጭቆ ዛሬ ከምንጣፍ በታች ነው። ይህን ስንጽፍ በአዲስ አበባ በስንቱ ሕንፃ መግቢያ ላይ ያለው የተወለወለ እብነ በረድ፣ በክረምትም የሚነጠፍበት ካርቶን ትዝ ይለናል። ፊቱ በእሳት ነበልባል ወይም በመዶሻ እንዲሻክር የተደረገ ግራናይት ለዚህ ችግር የታወቀ መፍትሔ ነው፤ የሚያንጸባርቅ ግን አይደለም።

ፀሐይ፣ ጥላና ጉም

ወንዙ ከሙዚየሙ በስተሰሜን፣ ከተማው በስተደቡብ ነው። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ሁለቱን ደጆች ፈጽሞ የተለያዩ ያደርጋቸዋል። ቢልባዎ በ43 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ በዲሴምበር መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአድማስ በላይ የምትወጣው 23 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። 50 ሜትር ቁመት ያለው ሕንፃ በዚያች ሰዓት ወደ ሰሜን የሚጥለው ጥላ 116 ሜትር ይደርሳል። በሌላ አነጋገር በክረምታቸው የወንዙ ወገን በጥላ ይዋጣል፤ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ወደ ከተማው ወገን መሄድ አለበት። ያው ሕንፃ በአዲስ አበባ ቢቆም በዚያው ቀን ጥላው 32 ሜትር ብቻ ይሆናል። በጁን መጨረሻ ደግሞ ጥላው አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ደቡብ 13 ሜትር ያህል ይወድቃል። ስለዚህ ከአውሮፓ የተገለበጠ የአደባባይ ንድፍ እዚህ ሲመጣ ጥላው ሁሉ የተሳሳተ ቦታ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

በከተማው ወገን ባለው አደባባይ ላይ ከ12 ሜትር በላይ ቁመት ያለው፣ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ አበቦች የተሸፈነ የቡችላ ሐውልት ተቀምጧል። የአሜሪካዊው ጄፍ ኩንስ ሥራ ነው። አበቦቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ይለወጣሉ፤ ውኃ የሚያጠጣቸው የቱቦ መረብም በሐውልቱ ሆድ ውስጥ ተዘርግቷል። በ2021 ይህ መረብ አርጅቶ በመታደሱ ለእድሳቱ ሙዚየሙ ከሕዝብ መዋጮ ጠይቆ ነበር። ሙዚየሙ ሊመረቅ ቀናት ሲቀሩ አትክልተኛ መስለው በአበባ ማሰሮዎች ውስጥ ፈንጂ ሊያስገቡ የሞከሩ የኤታ ታጣቂዎችን የጠረጠረ ሆሴ ማሪያ አጊሬ የተባለ የባስክ ፖሊስ በጥይት ተመትቶ ሕይወቱን አጥቷል። አደባባዩ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

በወንዙ ወገን ደግሞ ጃፓናዊቷ ፉጂኮ ናካያ በ1998 የሠራችው የጉም ቅርጽ አለ። ውኃ በከፍተኛ ግፊት በጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲገፋ እጅግ ወደ ደቀቁ ነጠብጣቦች ይበተንና በኩሬው ላይ ጉም ሆኖ ይሳባል። የጥበብ ሥራ ነው፤ የፊዚክስ ሠርቶ ማሳያም ነው። አንድ ሊትር ውኃ ለመትነን ከአካባቢው 2.4 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። ነጠብጣቦቹ በደቀቁ መጠን የውኃው ጠቅላላ ገጽ ስለሚሰፋ ትነቱም ይፈጥናል። ነገር ግን እንደ ቢልባዎ ባለ እርጥብ አየር ጉሙ ቶሎ አይተንም፤ ስለዚህ ለዓይን ይቆያል፤ የሚያቀዘቅዘው ግን በመጠኑ ነው። በደረቅ አየር ያው ጉም በቅጽበት ይጠፋል፤ ብርዱ ግን ይሰማል። ዛፍም በመሠረቱ ይህንኑ ያደርጋል። በቀን 100 ሊትር ውኃ በቅጠሎቹ የሚያተን ትልቅ ዛፍ 240 ሜጋ ጁል ሙቀት ይወስዳል፤ በዚያ ላይ ጥላ ይሰጣል። ለዚህ ግን ሥሩ የሚተነፍስበት በርካታ ሜትር ኩብ ልል አፈር ከንጣፉ በታች ሊዘጋጅለት ይገባል። በኮንክሪት መሐል አንድ ክንድ ጉድጓድ ተቆፍሮለት የተተከለ ችግኝ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለምን ቀጭጮ እንደቀረ መጠየቅ አያሻም።

የሚቀመጥ ሰው

ውኃው፣ ከፍታው፣ ፀሐዩ ሁሉ ተስተካክሎ ሰው የማይመጣበት አደባባይ አለ። የኒውዮርክ ከተማ በ1961 ባወጣችው ደንብ፣ በሕንፃው ደጅ አደባባይ ለሚሠራ ባለሀብት ተጨማሪ ፎቅ እንዲሠራ ፈቀደች። አደባባዮቹ ተሠሩ፤ ብዙዎቹ ግን ባዶ ቀሩ። ዊልያም ዋይት የተባለ ተመራማሪ ከረዳቶቹ ጋር በየአደባባዩ ካሜራ ተክሎ የሰዎችን እንቅስቃሴ ለዓመታት መዘገበና ውጤቱን በ1980 በመጽሐፍና በፊልም አቀረበ። ዋናው ግኝቱ ሲነገር ያስቃል፦ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው። ነዳፊዎች ግን ይህን ዘንግተውት ነበር። ሰው ጭር ያለ ቦታ እወዳለሁ ቢልም የሚሄደው ሰው ወዳለበት መሆኑንም አየ። ተንቀሳቃሽ ወንበር ያገኘ ሰው ደግሞ ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን ትንሽ ያንቀሳቅሰዋል፤ ብዙ ጊዜም ያለ ምክንያት ነው። ቦታው የራሱ መሆኑን የሚያረጋግጥባት እንቅስቃሴ ትመስላለች። ከተማዋ በ1975 ደንቧን ስታሻሽል የእርሱን ጥናት ተጠቅማለች።

በቢልባዎ በወንዙ ዳር መንገድ ላይ ከ9 ሜትር በላይ የሚረዝመው የሉዊዝ ቡርዥዋ የሸረሪት ሐውልት በስምንት እግሮቹ ቆሟል። ሰው በእግሮቹ መካከል ያልፋል፤ ሥሩ ይቆማል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ጣሪያ የሌለው ቤት ሆኖ ያገለግላል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ እኛ ወንዞች

ይህን ሁሉ ስናነብ ሐሳባችን ወደ አዲስ አበባ ወንዞች መሄዱ የማይቀር ነው። በ2011 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ በድምሩ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የወንዝ ዳር ልማት የያዘ ነው። ከዚያ ወዲህ በወንዞቹ ዳር መናፈሻዎችና የእግረኛ መንገዶች ተሠርተዋል፤ ሥራውም አድናቆት አግኝቷል። ከላይ ከጠቀስነው የቢልባዎ ሁለት ቁጥሮች አንጻር ግን ጥያቄያችን ከንጣፉ በታች ያለውን ይመለከታል። ወንዞቹ ከመኖሪያ ቤቶችና ከፋብሪካዎች ፍሳሽ ሲቀበሉ የኖሩ ናቸው። ከዳርቻው በላይ ካሉ ሰፈሮች ስንት ቤት ከቱቦ ጋር ተያያዘ? ስንቱስ ፍሳሽ ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ ደረሰ? የውኃው ኦክስጅን በየወሩ ይለካልን? በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ክፍሎቻችን ያሉ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልጉ ተማሪዎች ለዚህ ሥራ ራቅ ብለው መሄድ አያስፈልጋቸውም።

ለጊዜው ግን በግቢያችን ሊሠራ የሚችል ቀላል ልኬት እንጠቁም። አሥር ሜትር ርዝመት ያለው የሚያሳልፍ ቀጭን የፕላስቲክ ጎማ፣ ውኃ፣ ሜትርና አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። ጎማው ውስጥ የአየር አረፋ እንዳይቀር ተጠንቅቆ ውኃ መሙላት፣ ሁለቱን ጫፎች በደጁ ወለል ላይ በስምንት ሜትር ርቀት ማቆም፣ ከዚያም የውኃው ገጽ በሁለቱም ጫፍ ከወለሉ ምን ያህል ከፍ እንዳለ መለካት። ግንበኞቻችን ውኃ ልክ የሚያወጡት በዚሁ መንገድ ነው። የሁለቱ ልኬቶች ልዩነት ለስምንት ሜትር ተካፍሎ በመቶ ሲባዛ የወለሉን ተዳፋትነት በመቶኛ ይሰጣል። ቀጥሎ ጀሪካኑን በአንድ ጊዜ ማፍሰስና ውኃው ወዴት እንደሚሄድ፣ የትስ እንደሚተኛ በኖራ ማስመር። በቤተ መጻሕፍት ደጅ የሞከረ ሰው የኖራው መስመር ወደ ቦዩ ሳይሆን ወደ በሩ ሲሄድ ቢያገኘው እንዳይደነቅ።